ታፈሰ የቆጠራቸው ልቦች

ታፈሰ መሞቱን የነገረችኝ አልማዝ ናት፤ ያኔ ቡና እርሻው ካምፕ ውስጥ አብረን የኖርን ሴት። ስልክ ደውላ የልጆቼን ደኅንነት፣ የዘንድሮውን ዝናብ፣ የጉልበቴን ነገር አንድ በአንድ ጠይቃ ስትጨርስ «ድሬሰሩ ሞተ እኮ» አለችኝ።

«የቱ ድሬሰር?» አልኳት። የቱ እንደሆነ ግን ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ገብቶኛል።

«በይ እንጂ፣ ነፍስ ይማር በይ» አለች።

አልኩ። አፌ አለ፤ ሆዴ ግን «ምነው ዘገየ» ነው ያለው። ኋላ ከሥራ ስላስባረረኝ አይደለም፤ ያንንስ ረስቼዋለሁ። ሰው የማይረሳውን ሰው ሲጽፍ ደግ ደጉን ይመርጣል። እኔም ደግ ሰው አላጣሁም፤ ደግ ሰው ግን ሆድ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። ይሄኛው እየተገላበጠ ነው የሚያድረው። እዚህ ላይ «አንቱ» አልለውም። በሕይወቱ ሳለ ብዬው ጨርሻለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ የሚዛን ተፈሪ ልጅ ነኝ። ባሌ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቡና እርሻ ትራክተር ነጂ ሆኖ ሲቀጠር ተከትዬው ካምፕ ገባሁ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከዱቄት ከረጢት፣ ከግድግዳ መፈክር ላይ ለቅሜ ነው ያገኘሁት። ካምፑ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ተቀጠርኩ። ወለል አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ። ታፈሰ መጻፍ እንደምችል ያወቀ ዕለት መዝገብ ያዢ አደረገኝ። ለእኔ አስቦ እንዳይመስላችሁ፤ መጻፍ ስለሚሰለቸው ነው።

አጠር ያለ፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበር። የካኪ ሱሪው ተኩስ እንደ ቢላ ይቆርጣል። ጦር ሠራዊት ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስለኛ አካሚ፣ ነበርኩ ይላል፤ «ጓድ» ብሎ ያልጠራውን ሰው ዞሮ አያየውም። ከእጁ የማትወጣ ትልቅ ሰዓት አለችው። በሽተኛ ሲቀርብ መጀመሪያ እሷን ክርር ክርር አድርጎ ይሞላታል። ከዚያ የበሽተኛውን አንጓ ይይዛል፤ አያያዙ ገበያ ላይ ዶሮ አንጠልጥሎ ክብደቷን የሚገምት ሰው አያያዝ ነው። ፊት አያይም። ሰዓቷን ብቻ ያያል። «ልብ አትዋሽም፤ የሚዋሸው ባለቤቷ ነው» ይላል፤ ይቺን በቀን አሥር ጊዜ ባይላት ምሳው አይወርድለትም።

ወባ ይዟት እንደ ቅጠል የምትንቀጠቀጥ ሴት ስትመጣ «ምን ይሰማሻል?» አይልም። «ዛሬ ስንት ቅርጫት ለቅመሽ መጣሽ?» ነው የሚላት። ሁለት ያለችውን «አይ፣ ይሄ ወባ አይደለም፣ አሻጥር ነው» ይላታል። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባል ቃል ከወባ የባሰች ገዳይ ነበረች።

እውነቱን ልናገር፤ እጁ ጥሩ ነበር። እሱ መርፌ የወጋው ሕፃን አያለቅስም። የሚያቃጥለኝም ይሄ ነው። ሙያ የሌለው ሰው ቢሆን «ምን ያድርግ፣ አያውቅ» ብዬ እተወው ነበር።

አሁን ወደ ጋሽ ዱባለ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ እሳቸው ላይ ነው የወደቀው።

ጋሽ ዱባለ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ነበሩ። ከኩሎ ለቡና ለቀማ እንደ መጡ በዚያው የቀሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጴንጤ ሰው። የሚጸልዩበት ቤት ተዘግቶ መጋዘን ከሆነ ወዲህ በየማለዳው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ፤ እኔም በግድግዳው እሰማቸዋለሁ። ሥራቸው ተሸካሚነት ነው። ወንዙ ዳር ካለው መፈልፈያ የታጠበውን እርጥብ ቡና በከረጢት ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፤ እላይ ማድረቂያው አልጋ ላይ ይዘረግፉታል። እርጥብ ቡና ደግሞ ድንጋይ ነው።

«ይሄ ዳገት በየዓመቱ ያድጋል፣ አስካልዬ» ይሉኛል። «እኔ ስመጣ ይሄን አያክልም ነበር።»

ታዲያ አንድ ቀን መመሪያ መጣ። ዕድሜያቸው የገፋ ተሸካሚዎች በክሊኒክ ይታዩ፤ አቅማቸው የደከመው ወደ ቀላል ሥራ ይዛወሩ ይላል። ቀላል ሥራ ማለት እላይ ጥላው ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ ከደረቀው ቡና ጥቁሩንና ስባሪውን እየለቀሙ ማውጣት ነው። አሥራ አንድ ሽማግሌዎች ተመዘገቡ። ጋሽ ዱባለ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። «ከሴቶች ጋር ልቀመጥ ነው» አሉኝ፤ «በዚህ ዕድሜዬ ሐሜት የሚያስተምረኝ ሰው ላገኝ ነው።»

ታፈሰ ግን «ደክሞኛል» ማለትን በአፍ ብቻ የሚቀበል ሰው አልነበረም። የራሱን ፈተና ፈጠረ። መጀመሪያ የካምፑን ኳስ ተጫዋቾች፣ አራት ወጠምሾች፣ ጠርቶ በየጫንቃቸው ከረጢት አስያዘና «ከእንግዲህ አንድ እርምጃ አልችልም እስክትሉ ዳገቱን ሩጡ» አላቸው። ልጆቹ ሲያበቃላቸው ወደቁ። አንጓቸውን ያዘና ልባቸው በሩብ ደቂቃ ውስጥ የመታችውን ቆጠረ። አርባ ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት። እኔም ጻፍኩ።

«አየሽ?» አለኝ። «በእውነት አቅሙ ያለቀ ሰው ልቡ አርባ ስምንት ትደርሳለች። ከዚያ በታች ቆሞ ደከመኝ የሚል ጉልበቱን ደብቋል ማለት ነው።»

እኔም የዚያን ዕለት ልክ መሰለኝ። ምን ይደረግ፤ ቁጥር ሰው ያስፈራል።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተራ ገቡ። ከረጢት ተሸክመው እየሮጡ፣ እየተንገዳገዱ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ይቀመጣሉ። ታፈሰ ይቆጥራል። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ሰባት። አንድም አርባን ያለፈ የለም።

«ውሸታም ሁላ!» ብሎ ይጮኻል። «ልባችሁ ገና እየተዝናናች ነው!»

ጋሽ ዱባለ ተራቸው ሲደርስ ዕድሜያቸውን ጠየቃቸው። «ጣሊያን ሲገባ የወተት ጥርሴን ጥዬ ነበር» አሉት። «ስልሳ በይ» አለኝ፤ ጻፍኩ። ሮጡ። ከዳገቱ ግማሽ ሳያልፉ ከንፈራቸው አመድ መስሎ ቁጭ አሉ። አንጓቸውን ያዘ። ሠላሳ ስምንት።

«ዱባለ፣ ትቀልዳለህ?»

«አንተ ነህ የያዝካት እኮ፣ የኔ ጌታ» አሉት ትንፋሻቸውን እየቆረጡ። «እኔ የት አግኝቼያት ልቀልድ?»

«ድገም!»

ደገሙ። ሁለተኛው ላይ እንኳን ሩጫ እርምጃም አልነበረም። ሠላሳ ስምንት። ይባስ ብሎ እኔ ውኃ ሳቀርብላቸው ደረታቸው ገና ይዘላል። ኳስ ተጫዋቾቹ አንድ ጣሳ ውኃ ጠጥተው ሳይጨርሱ እየተሳሳቁ ተነሥተው ነበር። ጋሽ ዱባለ ግን ሦስት ሰው ሮጦ ተቆጥሮ እስኪያበቃ አልተነሡም። ታፈሰ ይሄን አላየም። እሱ ፊት አያይም ብያለሁ።

አሥራ አንዱም «ጉልበቱን ደብቋል» ተብሎ ተጻፈባቸው። በእኔ እጅ ነው የተጻፈው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ሆነ። ታፈሰ ለማስተማሪያ እንዲሆን ጋሽ ዱባለን አስነሣቸው። አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው «ጓድ ዱባለ፣ ግለ ሂስዎን ያቅርቡ» አላቸው። ጋሽ ዱባለ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጓዶች» አሉ፣ «ጥፋቱ የልቤ ነው። ስልሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ጠባይ እንዳላት አላወቅሁም። ቶሎ ቶሎ ምቺ፣ ጓድ ታፈሰ ይቆጣል ብላት እንቢ አለችኝ። ከዛሬ ጀምሬ እመክራታለሁ። ካልሰማች እናንተው ስብሰባ ጥሯት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ታፈሰ አልሳቀም።

«ጉልበትህን መደበቅህን ታምናለህ አታምንም?»

«አምናለሁ፣ አምናለሁ» አሉ፤ «ብቻ ልቀመጥ፣ እግሬ ዛለ።»

ጸሐፊው «አምኗል» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። አሥራ አንድ ሰዎች ለመዋሸት ቢነሡ አንዱ ሠላሳ፣ ሌላው ሃያ አምስት ላይ ይቆም ነበር። እንዴት ሁሉም ተማክረው ሠላሳ ስምንት አካባቢ ቆሙ? ልብን ማን ያማክራታል? አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደብተሩን ገለጥኩና በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ የወጠምሾቹንም የሽማግሌዎቹንም ስም እንደ ዕድሜያቸው ደረደርኳቸው፤ ትንሹን ከላይ፣ ትልቁን ከታች። አጠገባቸው ቁጥራቸውን አሰፈርኩ። ቁጥሩ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ዕድሜ ሲወጣ ልብ ትወርዳለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ራሴ አርጅቼ ዳገት ሲያቅተኝ፣ አማን ሆስፒታል ያየኝ አንድ ልጅ እግር ሐኪም ይሄንኑ ነገረኝ። «እማማ፣ ልብ ጣሪያ አላት» አለኝ። «ዕድሜ ሲጨምር ጣሪያው ዝቅ ይላል። የሃያ ዓመት ልጅ ልብ የምትደርስበት የስልሳ ዓመት ልብ አትደርስም፤ ብትሞትም አትደርስም። ከደከመች በኋላ የምትረጋውም ቀስ ብላ ነው።» ተነሥቼ ሳምኩት። ለምን እንዳለቀስኩ አልገባውም።

ያኔ ሐኪም የለኝም፤ ካርቶኔን ብቻ ይዤ ታፈሰ ፊት ቆምኩ። አንዴ አየውና «ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም፣ ጓድ ታፈሰ።»

«ያስታውቃል» ብሎ ካርቶኑን ወረወረልኝ።

ሄጄ እላይ ለሚለቅሙት ሴቶች ነገርኳቸው። አልማዝ ከእነሱ አንዷ ናት፤ ምላሷ ከመርፌው የከፋ ነው። ታፈሰ በዚያ ሲያልፍ ጠብቃ «ጓድ ታፈሰ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለችው።

«ሃምሳ ሁለት። ከእነዚያ ወጠምሾች ግን እሻላለሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ታዲያ ይሩጡልና! ልብዎ አርባ ስምንት ስትል እንስማት። ወይስ እሷም ጉልበቷን ትደብቃለች?»

ሴቶቹ እልል አሉ። አርባ የሚሆኑ ናቸው። ወንድ ልጅ ከዚህ እልልታ አይሸሽም፤ ታፈሰም አልሸሸም። ከረጢት ተሸከመ፤ ሮጠ። አልዋሽም፣ ጥሩ ሮጠ። የዳገቱን ሁለት እጅ አልፎ ጉልበቱ ከዳው። ሰዓቷን ከእጁ ፈታሁና አንጓውን ያዝኩ። ቆዳው እሳት ነው። ቆጠርኩ።

«አርባ አንድ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ሲያይ አየሁት። የኔን ፊት። ገብቶታል። እምላለሁ ገብቶታል፤ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ። ጉልበቱን እንዳልደበቀ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አርባ አንድ ብዬ ደብተሩ ላይም ካርቶኔ ላይም ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሌላ ገጽ ላይ በራሱ እጅ «ታፈሰ፣ ሃምሳ ሁለት፣ አርባ ስምንት» ብሎ ጽፎ አገኘሁት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ተሳስቷል እላለሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ስሕተት አይደለም።

በዚያው ሳምንት ዝርዝሩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚላክ ንጹሕ ቅጂ አውጪ አለኝ። አወጣሁ። ቁጥር በፈቃድ የሚጻፍ ከሆነ እኔም እጅ አለኝ። አሥራ አንዱንም ሽማግሌዎች አርባ ስምንት፣ አርባ ስምንት እያልኩ ሞላኋቸው። አሮጌውን ደብተር ሴቶቹ የሚቀመጡበት ከረጢት ሥር ደበቅሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ንጹሕ ቅጂው ነው።»

«ሁሉም አርባ ስምንት?»

«እርስዎም አርባ ስምንት ነዎት፣ ጓድ ታፈሰ።»

ወረቀቱን ገለበጠው። «አሮጌው ደብተር የታለ?»

«አለ። ሴቶቹ ያውቁታል።»

እስክሪብቶውን አነሣ። በእያንዳንዱ ስም ፊት እየፈረመ ወረደ። አሥሩን ወደ ቀላል ሥራ ይዛወሩ ብሎ ፈረመ። ጋሽ ዱባለ ጋ ሲደርስ ቆመና ስማቸው ላይ መስመር አሰመረ።

«ምነው?» አልኩ።

«ይሄ አምኗል። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።»

«እየቀለዱ እኮ ነው! ሰዉ ሁሉ ስቋል!»

«ቃለ ጉባኤ ቀልድ አያውቅም።»

እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። እሳቸውን አውጥቶ እኔን ከሥራ እንዲሰርዘኝ ለመንኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ? «ከተንበረከክሽ አይቀር ወለሉን እጠቢው።»

አጠብኩት።

ማታ ሳይሆን ያኔውኑ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለጋሽ ዱባለ ሄጄ ነገርኳቸው። ከረጢታቸውን ተደግፈው ሰሙኝ። «አሥሩን ካወጣሽ ምን ቀረሽ?» አሉኝ። «አንዱን ለዘር ተይው እንጂ፣ አስካልዬ።» አልሳቅሁላቸውም። እሳቸውም ብዙ አልሳቁም።

ቡናው ሊያልቅ ሲል ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ለሴቶቹ የወባ ክኒን ላድል እላይ ወጥቻለሁ። ጋሽ ዱባለ ዳገቱን ሲወጡ ከላይ እናያቸዋለን። ወገቡ ላይ ቆሙ። ቡናው እንዳይፈስ ተጠንቅቀው ከረጢቱን በእርጋታ አወረዱ፤ አፉን አስተካከሉ፤ አጠገቡ ተቀመጡና ትከሻቸውን አስደገፉት። «አረፉ» አለች አንዷ። አልተነሡም።

ታፈሰ ተጠርቶ ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ መጣ። አንጓቸውን ያዘ። ሰዓቷን አየ። እኛም ሁላችን ወርደን ከበብናቸው። ሩብ ደቂቃ አለፈ። እሱ ግን ይቆጥራል። ደቂቃ አለፈ። አሁንም ጣቱን አላነሣም።

አሮጌውን ደብተር ከከረጢቱ ሥር አውጥቼ ይዤ ነበር የወረድኩት። ገለጥኩትና «ስንት ብዬ ልጻፍ፣ ጓድ ታፈሰ?» አልኩት።

«ደብተሩን ዝጊው» አለኝ ቀና ሳይል።

አልዘጋሁትም። ካርቶኔ እዚያው ገጾቹ መካከል ነበር። ከላይ ጀመርኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ስም ከነዕድሜው ከነቁጥሩ። «ተሾመ፣ ሃያ ዓመት፣ አርባ ዘጠኝ!» አልማዝ መሠረተ ትምህርት ላይ ያለች ይመስል ከኋላዬ ደገመችው፤ «ተሾመ፣ ሃያ ዓመት፣ አርባ ዘጠኝ!» ቀጥሎ ሴቶቹ ሁሉ። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይደግማሉ። ዕድሜው ይወጣል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ማንበብ የማይችለው ሁሉ በጆሮው አየው። «ታፈሰ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ አርባ አንድ!» ስል አርባ ሴቶች በአንድ አፍ ደገሙት፤ «ጓድ» ያለች አንዲት የለችም።

«ዱባለ፣ ስልሳ ዓመት፣ ሠላሳ ስምንት» አልኩ፤ እሳቸውን ለመጨረሻ አቆይቼ ነበር።

ይሄን ማንም አልደገመም። ታፈሰ እጃቸውን ለቀቀና ተነሣ። መንገድ የለቀቀለት ሰው አልነበረም፤ በእርጥቡ ሣር በኩል ዞሮ፣ ደረቱን እንደያዘ፣ ቁልቁል ወረደ።